የጎሳውን ጥቁር መኪና በሩዝ ማብሰያ ስለ መለወጤ

ለተከበሩና ለታፈሩ ሼህ ዲራር አቡ ጋዚ
የአል-ነዋጢር ጎሳ ዲዋን (የጎሳው መሰብሰቢያ ቤት) ሰብሳቢ
ኩፍራንጃ፣ ዐጅሉን

ግልባጭ፦ የዲዋኑን በር ገፍቶ ለሚገባ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎና በከዘራዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ከረመ? በተለይም ወገብዎ፣ ላለፉት ዓመታት በመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ተንፈላስሰው ሲጓዙ ጥቂት ፋታ ሰጥቶዎት የነበረው፣ መኪናዋን ከሸጥሁ ወዲህ እንዳገረሸብዎ ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ። ማዘን ብቻም አይደለም፤ ለወገብዎ ሕመም ተጠያቂው እኔ መሆኔን በዲዋኑ ማስጠንቀቂያ ላይ በግልጽ ሰፍሮ አንብቤያለሁና፣ እነሆ በደለኛው ሙፍሊሕ፣ በገበያው ዳር ጥርስ የምነቅለው ሐኪም፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ያንን "የጎሳውን ፊት ሸጦ የበላ" የሚል ማስጠንቀቂያ ለእኔ ለብቻዬ ከመላክ ይልቅ ጎሳው በሙሉ ባለበት የዋትስአፕ ቡድን ላይ ስለ ለቀቁልኝ ውለታዎ አለብኝ። ዱባይ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከእኔ ቀድሞ አንብቦ፣ ማን እንደሞተብኝ ለመጠየቅ ደውሎልኛል። ማስጠንቀቂያው በሰባት ቀን ውስጥ መልስ እንድሰጥ፣ በዲዋኑ ፊት ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ በግ አርጄ ጉባኤውን መንሰፍ፣ በእርጎ የተቀቀለ ሥጋ በሩዝ፣ እንዳበላና ለጎሳው የሚመጥን መኪና እንድገዛ ያዝዛል። ከበጉ በስተቀር ሁሉንም በዚህ ደብዳቤ ለመመለስ እሞክራለሁ፤ በጉን ደግሞ መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ።

አንደኛ፤ ጥቁሯን መኪና ስለ መሸጤ።

ጥፋተኛ ነኝ። ያቺ ጀርመን ሠራሽ መኪና ሊብሬዋ በስሜ ቢሆንም፣ በኩፍራንጃ ውስጥ የእኔ ናት ብሎ የሚያስብ ሰው እንዳልነበረ አሳምሬ አውቅ ነበር። ጎሳው ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ሲልክ ከፊት የምትሄደው እርሷ ናት፤ ደም የተቃባ ሲታረቅ የምትቀድመው እርሷ ናት፤ ለቅሶ ሲኬድም እርሷ ካልመጣች ሟቹ እንዳልተከበረ ይቆጠራል። ነዳጁ የእኔ፣ ጎማው የእኔ፣ ክብሩ የጎሳው ነበር፤ ክፍፍሉ ትክክል ስለ መሆኑም ማንም ጠይቆ አያውቅም፣ እኔም ጭምር። ልጅዎ ጋዚ እየነዳት፣ እርስዎ ከኋላ ተሰይመው አገር ስትዞሩ፣ እኔ ክሊኒኬን በእግሬ እየሄድሁ እከፍት ነበር። ለዚህም ቢሆን ምስጋና ይግባዎትና ቦርጬ የጠፋው በእርስዎ ነው።

ታዲያ አንድ ክረምት ከኋላ ጎማዎቿ በላይ የሚሸከማት የአየር ትራስ ፈነዳ። በዚያው ሰሞን የክሊኒኬ የጥርስ ወንበር ተሰበረ። ለሁለቱም የሚበቃ አቅም ስላልነበረኝ፣ ሽማግልናም ደርሶ ስለነበር፣ መኪናዋ ቀድማ ተጠገነች፤ ታካሚዎቼ ግን ከሥሩ በጡብ በተደገፈ ወንበር ላይ አንገታቸውን አጣመው ሲታከሙ ከረሙ። አንዲት ባልቴት መንጋጋቸውን ስነቅልላቸው ወንበሩ ዘመመና ሁለታችንም ልንወድቅ ለጥቂት ተረፍን፤ እርሳቸውም አፋቸውን በጥጥ እንደያዙ "ሐኪም፣ መኪናህ ውስጥ ተኝቼ ብትነቅልልኝ ይሻል ነበር" አሉኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከቤት አላደረሰኝም። በሳምንቱ መኪናዋን መኪና ወደሚሸጥበት የዘርቃ ነጻ ቀጠና ወስጄ ለደላላ ሸጥሁና አዲስ የጥርስ ወንበር፣ አንዲትም ነጭ ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ከዚያም ተረፈኝ፤ ይህንንም በማመኔ ይቅርታ።

ሰው በገዛ ንብረቱ ለምን ያፍራል ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን አፍሬ ነበር። ብነግርዎት እንደማይፈቅዱልኝ ስለማውቅ ሳልነግርዎት ሸጥሁ፤ ነጯንም የሰረቅኋት ይመስል በኋላ መንገድ እያስገባሁ ለብዙ ቀን ከጎረቤት ሰወርኋት። ባለቤቴ በመስኮት እያየች "የአርባ ዓመት ጎረምሳ ይመስል ምን ያሽሎከልክሃል?" ትለኝ ነበር፤ ስልሳ ካለፈኝ ቆይቷል።

ሁለተኛ፤ ስለ አዲሷ መኪና ጠባይ።

ክቡርነትዎ መጀመሪያ ያዩዋት ዕለት ዙሪያዋን ዞረው፣ ጎማዋን በከዘራ ነካ አድርገው "ይህቺ የሩዝ ማብሰያ ናት" ብለው የሰጧት ስም ጸንቶላታል። የሰፈሩ ልጆች ሳልፍ ሩዙ በስሎ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ድምፅ የላትም የሚለው ክስዎ እውነት ነው፤ የድሮዋ ገና ከዳገቱ ሥር ሳለች ትሰማ ስለነበር ለቀስተኛው ፊቱን ለማጨፍገግ ጊዜ ያገኝ ነበር፤ ይህቺ ግን ሳትታሰብ ከች ትላለች። በሐጅ ነዋፍ ለቅሶ ላይ ወራሾቹን ሲሳሳቁ አግኝተናቸው ስላፈሩ ጥፋቱ የእኔ መኪና ነው። ከዐጅሉን ተራራ ስትወርድ ባትሪዋ መልሶ እንደሚሞላ ባስረዳሁዎ ጊዜም፣ ቁልቁለት ወርዶ የጠገበ አህያ አይተው እንደማያውቁ ነግረው አስተምረውኛል። ተምሬያለሁ። መኪናዋ ግን አልሰማችም መሰለኝ፣ አሁንም በየቁልቁለቱ ትሞላለች።

ሦስተኛ፤ የዲዋኑን መብራት ስለ መስረቄ።

በዚያው ለቅሶ ላይ የመኪናዬን ገመድ ከሻይ ማፍያው ጎን መሰካቴን አልክድም። ሻዩ ዘገየ፤ ለቀስተኛው አጉረመረመ፤ እኔም ወዲያው ነቀልሁት። ከዚያ በኋላ የክረምቱ የመብራት ክፍያ በሙሉ በእኔ ስም መመዝገቡን ሳይ መጀመሪያ ግራ ተጋብቼ ነበር፤ የዲዋኑ ማሞቂያዎች ሦስት ወር ሙሉ የነደዱት በእኔ መኪና ምክንያት መሆኑን ግን ጉባኤው በትዕግሥት አስረድቶኛል።

አራተኛ፤ የእህቴ ልጅ ሽማግልና።

እስካሁን የጻፍሁት እያሳሳቀኝ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ስጽፍ ግን እጄ ከብዶኛል፣ ክቡርነትዎ ይታገሡኝ።

እህቴ ፈውዚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ቁተይባን ይዛ እንደኖረች ጎሳው ያውቃል። አሳደግሁት ብዬ አልመካም፤ የመጀመሪያ ጥርሱን የነቀልሁለት ግን እኔ ነኝ፣ ጥርሱንም በመሐረብ ጠቅልዬ ለእናቱ ሰጥቻታለሁ። አድጎ መምህር ሆነ፤ አብራው የምታስተምረውን የሐላዋ መንደሯን ሩባን ወደደ፤ ወደደችውና ነገሩ በሁለቱ እናቶች መካከል አልቆ የቀረው የወንዶቹ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነበር። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚላከው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ የቡና ስኒ ይቀርባል፣ ሽማግሌው ሳይጠጣ ያስቀምጣል፣ ልጅቷን ይጠይቃል፣ ይፈቀድለታል፣ ይጠጣል። ጥርስ ከመንቀል ይቀልላል።

ፈውዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፤ "አባት የለውም፤ ከፊት አንተ ሁንልኝ" አለች። እሺ አልኋት።

ጉባኤው ግን የሩዝ ማብሰያ ሽማግሌ አይመራም ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። ከኢርቢድ አንድ አከራይ ዘንድ የድሮዋን ቁርጥ የምትመስል ጥቁር መኪና መጣች። ችግሩ ታርጋዋ ነበር፤ የኪራይ መኪና አረንጓዴ ታርጋ ደግሞ በዚህ አገር ለሕፃን እንኳ አይሰወርም። ለዚህም ልጅዎ ጋዚ መላ መታ፤ ታርጋውን በአበባ ጉንጉን ሸፈነው። የከተማው መውጫ ላይ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ ሰልፉን አስቁሞ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ፣ ታርጋ መሸፈን ክልክል መሆኑን በትሕትና ተናግሮ፣ አበባውን ፈትቶ በመስኮት ለእርስዎ አስታቀፈዎት። ሐላዋ የገቡት ያንን ጉንጉን ታቅፈው ነበርና፣ ሙሽራው እርስዎ የመሰሏቸው ሰዎች ቢኖሩ ጥፋቱ የፖሊሱ ነው።

የእኔን ቦታ በተመለከተ፣ ነጯ መኪና ከሰልፉ ጭራ እንድትሆን፣ ሐላዋ ስንደርስም ሰው እንዳያያት ከመስጊዱ ጀርባ እንድትቆም አዘዙ። ታዘዝሁ። የሙሽራው የእናቱ ወንድም ነኝ፣ ቦታዬ ከፊት ነው ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ውስጤ ግን እርር ድብን ብሎ ነበር፤ ይህንን ለሚቀጥለው ቁጥር ይያዙልኝ።

አምስተኛ፤ በማስጠንቀቂያው ላይ ያልተጻፈ፣ ጉባኤውም የማያውቀው ጥፋቴ።

መኪናዬን ደብቄ ስመጣ እናንተ ገብታችሁ ነበር። ከመስጊዱ በእግሬ ስወጣ የሙሽሪትን ቤት ጎን ይዤ አለፍሁ፤ ከግቢያቸው የበለስ ዛፍ ሥር ግማሽ ጎኗን ሸራ የለበሰች ጥቁር መኪና ቆማለች። በግራ የኋላ በሯ ላይ ጎድጓዳ አለ። ያቺን ጎድጓዳ እኔ እንዴት እረሳለሁ? መዓን ለዕርቅ ሄደን ሳለ ክቡርነትዎ በሩን ከድንጋይ ጋር አላትመው የፈጠሯት ናት፣ "ምንም አልሆነችም" ብለው በምራቅዎ የጠረጓት። የሸጥኋት መኪና ነበረች። ደላላው ለማን እንዳሻገራት አልነገረኝም ነበር፤ ከዘርቃ ተነሥታ፣ በምን መንገድ እንደሆነ እንጃ፣ ሽማግሌ ሆነን የመጣንበት ግቢ ገብታ ቆማ ጠበቀችን።

ገባሁ። ቦታ ስላልነበረ ከእርስዎ በስተኋላ ተቀመጥሁ። እጄን ብዘረጋ ትከሻዎን እነካ ነበር። ስኒው ቀርቦልዎ፣ ሳይጠጡ አስቀምጠው፣ ጉሮሮዎን እየጠረጉ ነበር። ጎንበስ ብዬ "ሼሃችን፣ የመኪናዋን ነገር አያንሡ" ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ልል ነበር። ከዚያ ከመስጊዱ ጀርባ የደበቅኋት ነጯ ትዝ አለችኝ፤ ልጆቹ ሩዙ በሰለ ወይ የሚሉኝ ትዝ አለኝ፤ በስሜ የተመዘገበው የመብራት ክፍያ ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁ። ሰው አፉን ሲከፍት ዝም ብሎ ማየት የኖርሁበት ሙያ ነው።

እርስዎም ከፈቱ። ስለ ጎሳችን ጀግንነት፣ ስለ ዘራችን ጥራት ተናገሩ፤ መልካም ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ስኒው ትኩሱን ይጠጣ ነበር። እርስዎ ግን ሲሞቅዎ፣ "በዐጅሉን ተራራ ሁሉ የምትታወቀው የጎሳችን ጥቁር መኪና ዛሬም እንደ ወትሮዋ ከደጃችሁ ቆማለች" አሉ።

የሙሽሪት አጎት ዐውኒ፣ ድምፁ ከፍ የማይል ጨዋ ሰው፣ እንዲህ ሲል መለሰ። "ሼሃችን፣ ያቺ መኪና አሁን የእኔ ናት። ከበለሱ ሥር አለች። የሐኪሙ እንደነበረች እያወቅን ነው የገዛናት፤ መሸጧንም እንደ ነውር አላየነውም። ከደጃችን የቆመችውስ የማን ናት?"

በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ። አላህ ይመስክርብኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። የአንገትዎ ጀርባ ሲቀላ አየሁና ለዓመታት የተጠራቀመ ነገር ከደረቴ ላይ ወረደ። ደስታዬ ዓይኔን ወደ ቁተይባ እስካዞርሁ ድረስ ቆየ። ልጁ ከበሩ አጠገብ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ስኒውን እያየ ነበር። የሚያየው የእርስዎን ውርደት አልነበረም፤ ሚስቱን ነበር ከዚያች ስኒ ጋር ስትቀዘቅዝበት የሚያየው።

የሙሽሪት አባት አቡ ሃይሰም ከዚያ በኋላ ያሉትን እርስዎም ሰምተዋል፣ ጎሳውም ይስማው። "ልጄን ስትጠይቁኝ የገዛ ፊታችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ ብዬ ነበር። የተከራየ ፊት ሠርጉ ሲያልቅ ለአከራዩ ይመለሳል፤ ልጄን ከዚያ በኋላ ማን ይዟት ይኖራል?" አሉና ጊዜ ስጡን አሉ። በእኛ አገር ጊዜ ስጡን ማለት ሂዱ ማለት ነው። ቡናው ሳይጠጣ ተነሣን። በእኔ ዕድሜ እንዲህ የተመለሰ ሽማግሌ አላየሁም። አባቶች የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ የሰማነውን ሁላችንም ለልጆቻችን እንመክራለን፤ እኛው ግን በኪራይ ወርቅ ሄድን።

በመመለሻው ላይ የጦሱ ምንጭ የሩዝ ማብሰያው መሆኑን አስታወቁ። ጉባኤውም ተቀበለ። ክቡርነትዎ፣ ግማሽ እውነት ብለዋል፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ብቻ ጥፋቴን ተሳስተው ነው ያገኙት። መሸጤ አይደለም። መኪና መሸጥ ሐራም የሆነበት ኪታብ አላነበብሁም። ጥፋቴ ከኋላዎ ተቀምጬ ዝም ማለቴ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ሐላዋን ሳንወጣ ነቅዟል።

ስድስተኛ፤ ቁጥሩ ስድስት ይሁን እንጂ ለእርስዎ ክስ የሚመልስ ነገር የለበትም፤ እህቴ ዘንድ ስለ መሄዴ ነው።

በማግስቱ ሄድሁ። በሩን ከፍታ፣ ግባ ሳትል፣ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ተከትያት ገብቼ የአዲሷን መኪና ዋጋ፣ የድሮዋን ወጪ፣ የወንበሩን ነገር፣ የእርስዎን ትእዛዝ ዘረዘርሁላት፤ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ "ከፊት ሁንልኝ ስልህ መኪናህን ነው እንዴ ያልኩህ?" አለች። እኔም ያን ሁሉ ዓመት ጎሳው ከፊት የሚያስቀድመኝ እኔን መስሎኝ እንደኖርሁ፣ መኪናዋ ስትሄድም ጭራ ሁን ሲሉኝ ያለ ጥያቄ የታዘዝሁት እኔም የእርስዎን ሒሳብ ስለማምንበት እንደሆነ፣ እዚያው ሽንኩርቱ ፊት ቆሜ ገባኝ። ዓይኔ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ነው ብል ያምኑኛል።

ስለዚህ ያለ ጉባኤው ፈቃድ አንድ ነገር አደረግሁ። ባለፈው ሐሙስ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ ፈውዚያንና ቁተይባን በሩዝ ማብሰያዋ አሳፍሬ ሐላዋ ሄድሁ። ሴት ለሽማግልና አትሄድም ይሉኛል፤ ሽማግሌ አልነበርንም፣ ይቅርታ ጠያቂዎች ነበርን። መኪናዋን ከመስጊዱ ጀርባ አልደበቅኋትም፤ ከደጃቸው አቆምኋት፤ ድምፅ ስለሌላት መምጣታችንን ማንም ሳይሰማ አቡ ሃይሰምን በቤት ልብስ ወይራ ሲለቅሙ አገኘናቸው። ይህ ጉድለት ነው፣ ለሁለተኛው ተራ ቁጥር ይጨመርልኝ።

አቡ ሃይሰም አስገቡን። ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሐኪም፣ ያን ዕለት ከበለሱ ሥር ነው ያለፍከው። መኪናህን አላየሃትም?" አሉኝ።

አላየሁም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እህቴ ከጎኔ ናት፤ ልጁ ከፊቴ ነው። አየኋት አልሁ።

"ታዲያ ለሼሁ ለምን አልነገርካቸውም?"

"እንዲዋረዱ ፈልጌ ነው" አልሁ።

ክቡርነትዎ፣ ብዙ ጥርስ ነቅያለሁ፤ እንደዚያች ቃል ሥር የሰደደ ግን ነቅዬ አላውቅም። ፈውዚያ ዞራ አላየችኝም። ቁተይባ አየኝ። አቡ ሃይሰም ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ከጓዳ የሴቶች ድምፅ ተሰማ፤ ቆየ፤ ከዚያም ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ፈገግታም ቁጣም ነበር። "ልጅቷን ጠየቅኋት። ምን እንደምትል ታውቃላችሁ? 'እኔ መኪና አላቸው ወይ ብዬ የጠየቅሁት ማንን ነው?' ትላለች።" ከዚያ ቡናውን ራሳቸው ቀዱት፤ ስኒውን የሰጡት ለእኔ አይደለም፣ ለፈውዚያ ነው። ሴት የሽማግሌ ስኒ ስትቀበል ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ እህቴም ሳታስቀምጥ ፉት አለችው። ፋቲሓ ተቀርቷል። የቁተይባና የሩባ ነገር አልቋል። ይህንን ዜና ከዋትስአፑ በፊት በአክብሮት ላሳውቅዎት ፈልጌ ነው እንግዲህ ይህንን ሁሉ የጻፍሁት።

በመመለሻችን በመኪናዋ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። የድሮዋ ብትሆን የሞተሯ ድምፅ ይሸፍንልን ነበር፤ ይህቺ ግን ምንም የምትሸፍነው የላትም። ቤታቸው ደጃፍ ስናደርሰው ቁተይባ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን አውርዶ፣ "አጎቴ፣ አንድ ቃል ይበቃ ነበር እኮ" አለኝና ገባ። ስድብ አይደለም። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ስለ ይቅርታው፣ ይኸው። በዲዋኑ ፊትም እደግመዋለሁ፤ ግን እንዳልሁት ስለ መኪናው አይደለም። እርስዎ እንዲዋረዱ ስለ ፈቀድሁ እርስዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የምሬን ነው፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ሽሙጥ የለበትም፣ ደግመው ቢያነቡትም አያገኙበትም። ለጎሳው የሚመጥን መኪና ስለ መግዛት፣ ጎሳው ምን ያህል እንደሚመዝን ካሁን በኋላ እርግጠኛ ስላልሆንሁ የምትመጥነውን መምረጥ አልቻልሁም። በጉን በተመለከተ፣ ጉባኤው ይቅር ይበለኝና አርጄዋለሁ፤ ከፈውዚያ ቤት በልተነዋል፣ ጎረቤቶቿም መርቀዋል።

ወገብዎን አላህ ያጽናልዎ፤ ከዘራዎን አይንሳዎ፤ በጎሳው ራስ ላይ ያለው ጥላዎ ይርዘም፤ ከቀድሞ የኋላ ወንበርዎ ባለቤት፣ ከዛሬው የሩዝ ማብሰያ ሹፌር፣ የእርስዎንም ሆነ የጉባኤውን ጥርስ እንደ ወትሮው በነጻ ለማከም ዝግጁ ከሆነው፣ ወንበሩም አሁን ከማይዘምመው፣

ዶክተር ሙፍሊሕ አል-ነዋጢር

ማስታወሻ፤ ለሠርጉ ተጠርተዋል፤ የጥሪው ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ሙሽራይቱን የምታመጣው ነጯ መኪና እንድትሆን ቁተይባ ጠይቆኛልና ቁልፉን ሰጥቼዋለሁ። ማን እንደሚነዳት ስጠይቀው ራሱ እንደሚነዳት፣ ከጎኑ እናቱ እንደምትሆን ነገረኝ። ከኋላ ያሉት ወንበሮች ለማን እንደሆኑ አልነገረኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። ክቡርነትዎ ወይራ የሚጭኑባት አሮጌ ፒክአፕ እንዳለችዎ አገር ያውቃል፣ በሽማግልና ግን ተነድታ አታውቅም። ለሠርጉ የሚመጡባት ከሆነ፣ እባክዎ በደጄ ሲያልፉ ይቁሙልኝ። ከኋላ፣ ከጆንያው ላይ፣ እቀመጣለሁ።